መዝገብ የረሳትን እንግሊዛዊት ፍለጋ፦ ጥያቄና መልስ

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረችን ተራ እንግሊዛዊት የዘር ሐረግ ስለመፈለግ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?

ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጀምሪ። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር በየአጥቢያው እንዲመዘገብ አዘዘ። ከ1598 በኋላ ደግሞ ቅጂው በየዓመቱ ለጳጳሱ ይላክ ነበር። ዋናው ከጠፋ ቅጂውን ፈልጊ።

የክርስትና መዝገቡ ላይ የእናትየዋ ስም የለም። ተሳስተው ነው?

አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የአባት ስም ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷ ስም አብሯት ይኖራል። እዚያ ግን ያኔ ካገባች የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዝ ነበር። ከማግባቷ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም የምታገኙት የጋብቻው መዝገብ ላይ ነው።

አንዲት ልጅ ጁን 1620 ክርስትና ተነስታ ፌብሩዋሪ 1620 ተቀበረች ይላል። እንዴት ይሆናል?

ትክክል ነው። እስከ 1752 ድረስ እንግሊዞች ዓመት የሚለውጡት ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ያ ፌብሩዋሪ ከጁን በኋላ የመጣው ነው። በመስከረም ዓመት ለምንለውጥ ለእኛ ይሄ ብዙ አይከብድም።

መዝገብ ላይ ከሌለችስ፣ በቃ ተስፋ ልቁረጥ?

በፍጹም! በሌሎች ሰዎች ወረቀቶች ላይ ፈልጋት። አን ሃታዌይን እንይ፤ የገበሬ ልጅ፣ በኋላ የሼክስፒር ሚስት። የአጥቢያዋ የስትራትፎርድ መዝገብ የሚጀምረው ከ1558 ነው፤ እሷ ከዚያ በፊት ስለተወለደች ክርስትናዋ አይገኝም። ዕድሜዋን የነገረን የመቃብሯ ድንጋይ ነው፦ በ1623 ስትሞት 67 ዓመቷ ነበር።

አባቷ በ1581 ኑዛዜው ለሠርጓ ቀን ገንዘብ ሲተውላት «አግነስ» ይላታል። አግነስና አን ያኔ እንደ አንድ ስም ይቆጠሩ ነበር፤ አንዱን ብቻ የፈለገ ያልፋታል። በ1582 ሁለት ገበሬዎች ለጋብቻዋ የ40 ፓውንድ ዋስ ሆነው ፈርመዋል።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ የእረኛው ኑዛዜ ነው። የአባቷ እረኛ የነበረ ሰው በ1601 ሲናዘዝ፣ በአን እጅ ያለው 40 ሽልንጌ ለስትራትፎርድ ድሆች ይሰጥልኝ ብሏል። ገንዘቡን አስቀምጣለት ይሁን ተበድራው፣ አናውቅም። ግን ለአፍታ ብቻዋን፣ በራሷ ጉዳይ ትታየናለች።

የራሷ ኑዛዜ ይኖር ይሆን?

ባል ያላት ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝ አትችልም ነበር። ባሏ የሞተባት ወይም ያላገባች ከሆነች ግን ፈልጊ።

ድምጿን መስማት ይቻላል?

አንዳንዴ ይቻላል። የቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ምስክሮችን ዕድሜያቸውንና የት እንደኖሩ ይጠይቅ ነበር። ቃሏ ተጽፎ፣ መጻፍ ለማትችለው ከሥሩ ምልክቷን ታደርጋለች። ያቺን ጭረት ካገኘሽ፣ እሷው ራሷ በእጇ የሠራችው ነው።