መልስ፦ ከፍራንክፈርት ሳትርቂ ወይን የሚጠመቅበት ግንብ

እህቴ፣ "ከፍራንክፈርት ብዙ ሳልርቅ ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት የድሮ ግንብ የት ልይ?" ላልሽው፣ ሳታመነቺ ሽሎስ ዮሃኒስበርግ ሂጂ። ራይን ወንዝን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ሪስሊንግ የሚባለው ወይን ተተክሏል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ታሪኩን ነው። በ1775 እ.ኤ.አ. የቦታው ባለቤት ከነበረው የፉልዳ ከተማ ጳጳስ የመልቀም ፈቃድ ይዞ የሚመጣው መልእክተኛ ዘገየ፤ ቦታው ላይ የነበሩት መነኮሳትም ያለ ፈቃድ መልቀም አይችሉምና ፍሬው ሐረጉ ላይ እንዳለ ሻገተ። እንደዚያም ሆኖ ጠመቁት፣ ግሩም ወይን ወጣው! "ሽፔትሌዘ"፣ ማለትም ዘግይቶ የተለቀመ፣ የሚባለው ወይን ዝናው ከዚያ ነው። የፈረሰኛው መልእክተኛ ሐውልትም ግቢው ውስጥ ቆሟል።

ግንቡ በ1942 እ.ኤ.አ. በቦምብ ተመትቶ ነበር፤ አሁን የምታይው የታደሰውን ነው። ምግብ ቤትም አለው፣ ውጭ ተቀመጪ፣ ወንዙን እያየሽ ብይ።