ስለ ማርጋሬቴ ሹርዝ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ለዴይኬር ኮርስሽ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ኬጂ ስለከፈተችው ጀርመናዊት ስደተኛ አቅርቢ ተብለሽ፣ የምታገኚው ጽሑፍ ሁሉ «የፖለቲከኛው የካርል ሹርዝ ሚስት» ብሎ ያልፋታል። ምን ልጨምር ነው ያልሽው። እኔም እዚህ ኮርስ ስወስድ ይቺኑ ሴትዮ ነበር ያቀረብኩት። ምክሬ፣ ባሏን ለጊዜው ተዪውና ከቤተሰቧ ጀምሪ።

ማርጋሬቴ ማየር በ1833 ሃምቡርግ ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው)። እናቷ እሷን ወልዳ ወዲያው አረፈች። አባቷ ከዘራ እየሠራ በመሸጥ የከበረ ሰው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ቤት ነው ያደገችው። ከሁሉም በላይ ግን ታላቅ እህቷን በርታን እያት። በርታ ባሏን ፈታ፣ ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችውን ካህን ዮሃንስ ሮንገን አገባች። በዚያ ዘመን ሃምቡርግ ውስጥ ምን እንደተወራ አስቢው! ሁለቱ ለንደን ገብተው እዚያ ኬጂ ከፈቱ።

ማርጋሬቴ ራሷ ገና በወጣትነቷ ሃምቡርግ ውስጥ የኬጂን ሐሳብ ካፈለቀው ከፍሪድሪክ ፍሮበል እግር ሥር ተምራለች። በ1851 የፕሩሺያ መንግሥት «ልጆቹን እምነት ያሳጣል» ብሎ ኬጂን ከለከለ። ክልከላው እስከ 1860 ቆየ። እሷ ያኔ እህቷን ልታግዝ ለንደን ሄደች። ካርልን ያገኘችውም እዚያ ነው፤ የ1848ቱ የጀርመን አብዮት ከከሸፈ በኋላ ከአገሩ የሸሸ ወጣት ነበር። በ1852 ተጋቡ፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ገቡ።

ዊስኮንሲን ውስጥ ዋተርታውን የምትባል ከተማ የካርል ዘመዶች ነበሩ። በ1856 ማርጋሬቴ የሦስት ዓመት ልጇን አጋተንና ጥቂት የዘመድ ልጆችን ሰብስባ ማጫወት ጀመረች። በጀርመንኛ። ያ ነው እንግዲህ «የመጀመሪያው ኬጂ»። አዋጅ የለ፣ ምርቃት የለ። ቤቷ ልጆች ይዛ የጀመረች ሁሉ ይሄን ታውቀዋለች። አስተማሪሽ ነገረኛ ከሆነ ግን ተዘጋጂ። የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ሰዎች ካሮላይን ፍራንከንበርግ የምትባል ሌላ ጀርመናዊት ትቀድማለች ይላሉ።

ክፍል ውስጥ የምታሳዪው ነገር ከፈለግሽ የፍሮበልን የመጀመሪያ «ስጦታ» ሥሪ (ለልጆች መማሪያ ያዘጋጃቸውን መጫወቻዎች «ስጦታ» ነበር የሚላቸው)። በስድስት ቀለም ከሱፍ ክር የተጠቀለሉ ትንንሽ ኳሶች ናቸው፤ በክር ይንጠለጠላሉ። ቀዩን መዳፍሽ ውስጥ ደብቀሽ «የት ሄደ?» ብለሽ መልሰሽ ታወጪዋለሽ። እኔ እዚህ የምይዛቸው የሁለት ዓመት ልጆች ላይ ሞክሬዋለሁ። ባትሪ ያለውን አሻንጉሊት ጥለው ጣቴን መፈልቀቅ ያዙ። ከዚያ በኋላ ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡል፣ ኩብና ሲሊንደር ይመጣል፣ እሱን ግን ሳታሳዪ በቃል ብታልፊው ይሻላል፤ ጊዜ ይበላል።

ነገሩ ከዋተርታውን እንዲወጣ ያደረገችው ደግሞ ትንሿ አጋተ ናት ብል አላጋነንኩም። በ1859 ቦስተን ውስጥ ኤልሳቤጥ ፒቦዲ የተባለች መምህርት የልጅቷን ጨዋነትና ንቃት አይታ ተገረመች፤ እናትየውም ስለ ፍሮበል አጫወተቻት። ፒቦዲ በ1860 በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ኬጂ ቦስተን ላይ ከፈተች።

ማርጋሬቴ ራሷ ብዙ አልገፋችበትም። ቤተሰቡ ከዋተርታውን ወጣ፣ ጤናዋም አላገዛትም፤ ረጅም ጊዜ አውሮፓ እየተመላለሰች ኖረች። ካርል ሴናተር ሆነ፣ በኋላም የአገር ውስጥ ሚኒስትር። ሚኒስትርነቱን ግን እሷ አላየችውም። በመጋቢት 1876 ኒውዮርክ ውስጥ ኸርበርትን ወልዳ በአራስነቷ ሞተች፤ ልክ እንደ እናቷ። 42 ዓመቷ ነበር። እኔ ስሙን ሁሉ ባሏ የወሰደው በዚህ ምክንያት ጭምር ይመስለኛል፤ እሱ እስከ 1906 ኖሮ ትዝታውን ጽፏል።

ለስላይድሽ ፎቶ ከፈለግሽ ያቺ ኬጂው የነበረባት ትንሽ የዋተርታውን ቤት ዛሬም አለች። በ1956 ተነስታ ኦክታጎን ሃውስ የሚባለው ሙዚየም ግቢ ውስጥ ገብታለች።