ሶቅራጥስ እንዴት ድመት ሆነ?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ሰዎች አንድ በአንድ አውራሪስ የሚሆኑበትን የኢዮኔስኮን ተውኔት «አውራሪስ» እያነበብን ነው። ልጆቹ ሎጂክ አዋቂው ሶቅራጥስን ድመት ሲያደርገው ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ውይይቱ ይሞታል። በሲሎጂዝሙ (ከሁለት መነሻ ድምዳሜ በሚያወጣው ባለ ሦስት መስመር ሙግት) በኩል ወደ ጭብጡ እንዴት ላስገባቸው? ያለን 40 ደቂቃ ነው።

መልስ፦ ይሳቁ፤ ብቻ ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ ሳያገኙት አይለፉ። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን መስመር ያስጽፉ፦

ድመቶች ሁሉ ይሞታሉ።
ሶቅራጥስ ሞቷል።
ስለዚህ ሶቅራጥስ ድመት ነው።

ሁለቱን መነሻዎች የሚያገናኘው «መሞት» ነው። የመጀመሪያው መስመር ስለ ድመቶች ሁሉ ይናገራል እንጂ ስለሚሞት ሁሉ አንድም ነገር አላለም። ሁለት ክብ ያስስሉ፤ ትልቁ «ሟች»፣ በውስጡ ያለው ትንሹ «ድመት»። ሶቅራጥስ ትልቁ ውስጥ አለ፤ ትንሹ ውስጥ ግን ማንም አላስገባውም። ክቡ ያልገባው ካለ ቅርጹን ሳይነኩ ቃላቱን ይለውጡለት፦ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ሁሉ ፍሬን ይይዛል፤ ፒያሳ ያለው ባጃጅ ፍሬን ያዘ፤ ስለዚህ ባጃጁ ሐረጎን እየወረደ ነው። ይህን የደሴ ልጅ አይቀበልም።

አንዱ ተነሥቶ «ሶቅራጥስ ድመት ነው»ን ሁለተኛ መስመር፣ «ይሞታል»ን ድምዳሜ አድርጎ ያርመው ይሆናል። ቅርጹ ተስተካክሏል፤ መነሻው ግን አሁንም ሐሰት ነው። ልዩነቱን ካዩ ይበቃል። ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆዩበት ክፍለ ጊዜው የሎጂክ ኮርስ ይሆንብዎታል።

ጭብጡ ያለው ስሌቱን ሰምቶ ራሱን የሚነቀንቀው ሰው ዘንድ ነው። ሎጂክ አዋቂውን የሚያዳምጡት አዛውንት መቃወም ቀርቶ ሶቅራጥስ የሚባል ድመት እንዳላቸው ትዝ ይላቸዋል! ልጆቹን «ለምን አመኑ?» ብለው ይጠይቁና ወደ ሦስተኛው ገቢር ይዝለሉ። የዋናው ገጸ ባሕርይ የቤራንዤ የሥራ ባልደረባ ቦታር አውራሪስ ከመሆኑ በፊት የመጨረሻ ሰብዓዊ ቃሉ «ከዘመኑ ጋር መራመድ አለብን» የሚል እንደነበር እንሰማለን። ይህ ግማሽ ሲሎጂዝም ነው። ሁለት ሁለት ሆነው የጎደለውን መስመር ይሙሉ፤ «ብዙው ሰው የሚሆነው ሁሉ ዘመኑ ነው» የሚል ዓይነት ነገር ይወጣል። ሌላው ባልደረባ ዱዳር ደግሞ ከወዳጆቹና ከአለቆቹ ጎን መቆም ግዴታው እንደሆነ ይናገራል። እሱ የዋጠው መስመር «ጎን መቆም ማለት እንደነሱ መሆን ነው» የሚል ነው። የተዋጠው መስመር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ መልመጃው የሚሠራው ያኔ ነው።

ኢዮኔስኮ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሩማንያ ውስጥ ወዳጆቹ ወደ ፋሺስቱ «የብረት ዘብ» ሲገቡ አይቷል። ይህን መጨረሻ ላይ ይንገሯቸው፤ ከቀደመ ልጆቹ «ተውኔቱ ስለ ፋሺዝም ነው» ብለው ደብተራቸውን ያጥፋሉ። ሎጂክ አዋቂውም አልዳነም፤ ባርኔጣው አውራሪስ ቀንድ ላይ ተሰክቶ ይታያል።

የቤራንዤን እምቢታ ግን በሦስት መስመር ለማስቀመጥ አይሞክሩ። ምክንያት አጥቷል፤ ቀንድ እስከ መመኘት ደርሷል፤ ሆኖም እጅ አልሰጥም ይላል። ስሙን ይጻፉና ከሥሩ ያለውን ቦታ ባዶ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ዘዴው ስለ ቤኬት ተውኔት «ጎዶን መጠበቅ» ድርሰት ለመጻፍም ይሆናል? ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ስህተት ፍለጋ አትግባ። ጎዶን የሚጠብቁት ኤስትራጎን (ጎጎ) እና ቭላዲሚር (ዲዲ) ከዛፉ ላይ ስለመሰቀል ሲያወሩ ኤስትራጎን የሚያሰላው ስሌት ደህና ነው፦ ቀላሉ ጎጎ ቀድሞ ከተሰቀለ ቅርንጫፉ አይሰበርም፣ ጎጎ ይሞታል፤ ከባዱ ዲዲ ተከትሎ ሲሰቀል ይሰበራል፣ ዲዲ ብቻውን ይቀራል። ችግሩ መነሻው ላይ ነው። ቭላዲሚር «እኔ ካንተ እከብዳለሁ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ኤስትራጎን አያውቅም። ሚዛን የለም፣ የሚሞክርም የለም፤ ምንም አለማድረጉ ይሻላል ይባባላሉ። ስለዚህ ትዕይንት ስትጽፍ ከእያንዳንዱ መነሻ አጠገብ «ይህን ማን አረጋገጠ?» የሚል ዓምድ ጨምር። አብዛኛው ባዶ ይሆንብሃል፤ ድርሰትህን ከዚያ ጀምር።