በውሃ ሁለቴ ተጠመቅኩ፣ በመንፈስ ደግሞ አስመሰልኩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የእኔን ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። በ80 ቀንሽ ክርስትና ተነስተሻል። አሁን ጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመርሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። መጀመሪያ «የሕፃንነቱ አይቆጠርም፣ አምነሽ በውሃ ተጠመቂ» አሉሽ። እሱን ሳትጨርሺ ደግሞ «የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት ገና አላገኘሽም፣ በልሳን አልተናገርሽማ» አሉሽ፤ ልሳን የሚሉት በመንፈስ ተነድቶ በማይታወቅ ቋንቋ መናገርን ነው። «ኧረ ስንት ጥምቀት ነው ያለው? ልዩነቱስ ምንድነው?» ብለሽ ጠየቅሽ፤ ሁሉም ጥቅስ ደረደረልሽ። ጥቅሱን እንደማታጪው እገምታለሁ። እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. ለቤተሰብ ሳትነግሪ ገንዳ ውስጥ አትግቢ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። በ40 ቀኔ ክርስትና ተነሳሁ። ሰፈራችን ካለው የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜያለሁ (ይቺን ያዢልኝ፣ በኋላ ትመጣለች)። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ጌታን ተቀበልኩ። በሦስተኛው ወር ተጠመቅኩ። ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ክረምት ስመለስ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። አንዱ ልጅ ከገንዳው ስወጣ ያነሳኝን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። እናቴ ከጎረቤት ሰማች።

ስምንት ወር አላናገረችኝም። ስታናግረኝ መጀመሪያ ያለችው «ያንን ሁሉ ድግስ የደገስኩት ለማን ነበር?» ነው። ሳቄ መጣ። ቀጥላ ግን «ሜሮኑስ? የተቀባኸውን ሜሮን ምን አደረግከው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

ብዙዎቻችን ጥለናት የመጣናትን ነገር በደንብ ሳናውቃት ነው የወጣነው። በኦርቶዶክስ ሕፃኑ ከውሃው እንደወጣ ሜሮን፣ ማለትም የተቀደሰ ቅባት፣ ይቀባል። መንፈስ ቅዱስ የሚሰጠው እዚያ ላይ ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ አንቺ ሁለት ብለሽ የምትጠይቂው ነገር ለእናቴ አንድ ነው፣ በአንድ ቀን ያለቀ። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ አይደገምም። በየዓመቱ ጥር 11 ጃን ሜዳ ላይ የሚረጨው ውሃ እንኳ የጌታን ጥምቀት መታሰቢያ እንጂ ዳግም ጥምቀት አይደለም። «መንፈስ ቅዱስ ገና አልተቀበልሽም» የሚልሽ ወንድም ይህን ሳያውቅ ነው የሚናገረው። ለእናትሽ ደግሞ «ቄሱ ዋሽተውሻል» እንደማለት ነው የሚሰማት።

እኔ ሁለተኛውን ጥምቀት አልጸጸትበትም። አምኜ በራሴ አፍ የመሰከርኩበት ቀን ነው። መደበቄ ግን ስምንት ወር በልቶብኛል።

2. ልዩነቱን የሚያስረዳሽን ሰው መጀመሪያ «አንተ ከየት ነህ?» ብለሽ ጠይቂው።

እዚህ አገር «ጴንጤ» ብለን በአንድ ከረጢት የከተትናቸው አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም። እኔ ይህን የተማርኩት አራት ዓመት ከባከንኩ በኋላ ነው። መካነ ኢየሱስ ሉተራን ናት፤ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ መንፈስ በውሃውና በቃሉ ይሠራል ትላለች። የቃለ ሕይወት የቆየ ትምህርት ደግሞ ሰው ባመነበት ቅጽበት በመንፈስ ይጠመቃል ይላል፤ ውሃው ለሆነው ነገር ምስክር ነው፣ ከሥሩ ብቅ ሲል ከክርስቶስ ጋር መሞቱንና መነሳቱን ያሳያል። በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው ሙሉ ወንጌልና ሌሎች ጴንጤቆስጤዎች የመንፈስ ጥምቀት ከመዳን በኋላ የሚመጣ ሌላ ልምምድ ነው፣ ለአገልግሎት ኃይል ነው፣ ልሳን ይከተለዋል ይላሉ። ይህ ትምህርት ዓለምን ያዳረሰው በፈረንጆቹ 1906 ሎስ አንጀለስ አዙዛ መንገድ ላይ ከተነሳው መነቃቃት በኋላ ነው። የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን የሚባሉት ደግሞ ውሃው በኢየሱስ ስም ካልሆነ አይቀበሉም፤ ልሳኑንም ከመዳን ጋር ያያይዙታል። ጭራሽ በውሃ የማያጠምቁም አሉ። ኩዌከሮችና ሳልቬሽን አርሚ የሚባሉት የክርስቲያን ማኅበራት እንደዚያ ናቸው።

አየሽ? አንዱ የመካነ ኢየሱስ መዘምር፣ ሌላው የሙሉ ወንጌል ወጣት ሆኖ ሁለቱም «መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይላል» ይሉሻል። ሁለቱም የልባቸውን ነው።

3. ልሳን አታስመስዪ።

ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ብትረሺ ይቺን ያዢ።

ሠርጌ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ካርድ ታትሟል፣ አዳራሽ ተከፍሏል። የእጮኛዬ ቤተ ክርስቲያን ከእኔ አጥቢያ የመሸኛ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ስሟን የማልጠራው የእኔ አጥቢያ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላም አላየችኝ። ፋይሌን አወጣች። የአባልነት ፎርሙ ላይ ሁለት መስመር አለ። «በውሃ የተጠመቁበት ቀን» የሚለው ተሞልቷል። «በመንፈስ ቅዱስ የተጠመቁበት ቀን» የሚለው ባዶ ነው።

«ይሄ ካልተሞላ ወደ ሽማግሌዎች አይሄድም» አለችኝ።

«ቀን አለው እንዴ?» አልኳት።

«ሌላው ሰው እንዴት ሞላው ታዲያ? ቀጣይ!»

ቀጣይ! ከኋላዬ ሰው እንኳ የለም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን «ለምሳ ዘግተናል» ስትለኝ ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር፣ የጠዋቱ።

ዓርብ አዳር ጸሎት ላይ ወደ ፊት ወጣሁ። አምስት ወንድሞች ከበቡኝ፣ እጅ ጫኑብኝ። አንዱ ጆሮዬ ሥር «አፍህን ክፈት! አታስብ! ዝም ብለህ ልቀቀው!» ይለኛል። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ምንም የለም። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ደክሟቸዋል፤ በእኔ ምክንያት ደክሟቸዋል። አፌን ስከፍት በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት ግዕዝ ዱብ ዱብ አለ። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን...» በፍጥነት፣ እየተንተባተብኩ፣ እያለቀስኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። «ተሞላ! ተሞላ!» ተባለ። ሰኞ ቀኑ ተጻፈ። ደብዳቤዬን ወሰድኩ።

አሁን ስትስቂ ይታየኛል። ሳቂ፣ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን አልሳቅኩም።

ምክንያቱም አንዴ «ተሞላ» ከተባልሽ በኋላ ማለቂያ የለውም። የጸሎት ቡድን ውስጥ አስገቡኝ። በየአዳሩ ዳዊቴን እየከተፍኩ መድገም ሆነ ሥራዬ። አንድ ቀን አንድ የ19 ዓመት ልጅ እጅ እንድጭንበት አመጡልኝ። እኔ የተባልኩትን አልኩት፦ አፍህን ክፈት፣ አታስብ። ልጁ ግን ሐቀኛ ነበር። አላስመሰለም። ሁለት ሰዓት ጸለይንበት፣ ምንም አላለም። ሲወጣ «እኔን እግዚአብሔር አይፈልገኝም ማለት ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም። ስልኩንም ቀየረ። እኔ አስመሳዩ አገልጋይ ተባልኩ፣ እውነተኛው ልጅ ጠፋ። ይቺ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ያዳኑኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ዲያቆን ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡና ጋበዙኝና «ልጄ፣ ያኔ ያልከው መዝሙረ ዳዊት ምዕራፍ አንድ ነበር አይደል?» አሉኝ። ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር! «ታዲያ ጋሼ ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው «አንተው እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር፤ አረጀሁ እንጂ» አሉ።

ከዚያ «የሐዋርያት ሥራን እርሳስ ይዘህ አንብብ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደብተር ሙሉ ጽፌያለሁ። ሳልኩራራ አልቀርም፤ በዚህ ጉዳይ ዛሬ ከሥነ መለኮት ኮሌጅ የተመረቁ ጓደኞቼ እኔን ይጠይቃሉ።

4 ላይ ነኝ መሰለኝ። ይኸው ደብተሬ።

ምዕራፍ 8፣ ሰማርያ፦ ውሃው ቀደመ፤ መንፈስ የመጣው ጴጥሮስና ዮሐንስ ከኢየሩሳሌም መጥተው እጅ ሲጭኑ ነው። የሚገርመው፣ ኦርቶዶክስ ለሜሮን የምትጠቅሰውም ይህንኑ ምዕራፍ ነው፣ ጴንጤቆስጤውም «ሁለተኛ ልምምድ አለ» ለማለት የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። ምዕራፍ 10፣ ቆርኔሌዎስ ቤት፦ ተገላቢጦሽ። ጴጥሮስ ገና ንግግሩን ሳይጨርስ መንፈስ ወረደ፣ በልሳን ተናገሩ፣ ውሃው ከኋላ መጣ። ምዕራፍ 19፣ ኤፌሶን፦ የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ የሚያውቁ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች በኢየሱስ ስም ተጠመቁ፣ ጳውሎስ እጅ ሲጭን በልሳን ተናገሩ። ደግሞ የእኛው ሰው አለ፣ ጃንደረባው፣ እዚያው ምዕራፍ 8 ላይ። በጋዛ መንገድ ውሃ አየ፣ ወረደ፣ ተጠመቀ፣ ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። ስለ ልሳን አንድም ቃል የለም። ማንም ፎርም አላስሞላውም።

ቅደም ተከተሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለእኔ መልሱ እዚህ ጋ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ራሱ እኔ በውሃ አጠምቃችኋለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ግን በመንፈስ ቅዱስ ያጠምቃችኋል ብሏል። ውሃውን ሰው ይዞት ይቆማል፤ ቀን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሳል። የመንፈሱን አጥማቂ ግን ጸሐፊዋ ቀጠሮ ልትይዝለት አትችልም። ጳውሎስም 1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ሁላችን በአንድ መንፈስ አንድ አካል እንድንሆን ተጠምቀናል ይልና፣ እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ «ሁሉስ በልሳኖች ይናገራሉን?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉ አይናገርም ማለቱ ነው፣ እኔ እንደገባኝ። የሙሉ ወንጌል ወንድሞቼ ይህ ስለ ጉባኤ ስጦታ ነው ብለው ይመልሱልኛል። ተከራክረን ቡና ጠጥተን እንለያያለን።

ጋሼ ደግሞ «ጥምቀት» የሚለውን ቃል ራሱን አሳዩኝ። «እናትህ ጠላ ትጠምቅ የለ? ጌሾው ጋኑ ውስጥ ሰንብቶ ነው ጠላ የሚያደርገው። ነክሮ ማውጣትማ ማጠብ ነው።» ሰባኪ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ይቺን እሰርቃት ነበር።

ኋላ ሄጄ ለሽማግሌዎቹ ተናዘዝኩ። ሁለቱ ተቆጡ፣ ሦስቱ አቀፉኝ። ጸሐፊዋ ግን «አንዴ የተሞላ ፎርም አይሰረዝም» አለች! በራሴ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። እስከ ዛሬ በልሳን አልናገርም። ባለቤቴ ትናገራለች። አንድ ቤት እንኖራለን፣ ማታ አብረን እንጸልያለን።

ስለዚህ እህቴ፣ አዳር ጸሎት ላይ ከበው ሲያጣድፉሽ «አመሰግናለሁ፣ ይበቃኛል» ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ። ማንም አይገድልሽም። መሸኛ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ከሠርጉ ሦስት ወር ቀድመሽ ጠይቂ፣ ኮፒ አስቀሪ።

በውሃ ለመጠመቅ ከወሰንሽ ደግሞ ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት፣ በስልክ ሳይሆን ሄደሽ። በቀኑ ጠቆር ያለ ልብስ ከሥር ልበሺ፤ የሚያለብሱሽ ነጭ ቀሚስ ውሃ ሲነካው ሁሉን ያሳያል፣ ይህን አስቀድሞ የሚነግርሽ የለም። ትርፍ ነጠላ ጫማም ያዢ። የእኔን ከገንዳው ዳር ወስደውብኛል፣ በባዶ እግሬ ነው ዶርም የገባሁት።