ከላይ ያለው ለታችኛው ለምን ውኃ ይለቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በፎገራ፣ ከጉማራ ወንዝ ዳር ሲሆን በክረምት ሩዝ እዘራለሁ፤ በበጋ ደግሞ በፓምፕ እየሳብኩ ሽንኩርት አለማለሁ። ባሕር ዳር የሚማረው ልጄ ለፋሲካ ሲመጣ፣ እንደ ደረጃ ተደራርቦ ተራራ የሚወጣ የሩዝ ማሳ በስልኩ አሳየኝና «ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለች ጃቲሉዊህ የምትባል የገበሬ መንደር ናት» አለኝ። እኔን የገረመኝ ውበቱ አይደለም። እኛ ዘንድ የካቲት ሲገባ የላይኞቹ ፓምፕ ወንዙን ይጨርሰውና፣ ከታች ያለነው ሽማግሌ ስንልክ ነው የምንከርመው። እዚያ ግን ውኃው ከላይኛው እርከን ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። ከላይ ያለውን ሰው ውኃውን ለራሱ እንዳያስቀር የያዘው ምንድን ነው? መንደሪቱስ እንዴት ያለች ናት?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ ስለ እርከኑ ሲጠይቅ እርስዎ ስለ ውኃው መጠየቅዎ የገበሬ ዓይን ነው።

ጃቲሉዊህ በባሊ ደሴት፣ በታባናን አውራጃ፣ ቁመቱ 2,276 ሜትር በሚደርሰው በባቱካሩ ተራራ ተዳፋት ላይ የምትገኝ መንደር ናት። ከፍታዋ 700 ሜትር ገደማ ስለሆነ እኛ ብንሆን ቆላ እንላት ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ደመና ስለሚሰበስብ አየሯ ቀዝቀዝ ያለና ዝናብ የሚበዛባት ናት። የእርከን ማሳዋ 300 ሄክታር ያህል ይሆናል። ከላይ ደን አለ፤ ከደኑ ሥር ምንጭ፣ ከምንጩ ቦይ፣ ከቦዩ ደግሞ ማሳ ይቀጥላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ነው፤ ምዝገባው በባሊ የሚገኙ ሌሎች ቦታዎችን ጨምሮ 19,500 ሄክታር ይሸፍናል።

የእዚያ ገበሬ በሁለት አጥር ውስጥ ይኖራል ማለት ይቻላል። አንደኛው «ዴሳ» የሚባለው መንደር ነው፤ ሊቀ መንበር ያለው፣ ከመንግሥት በጀት የሚመደብለት፣ እንደ እኛ ቀበሌ ያለ ነው። ሁለተኛው «ሱባክ» ይባላል። ሱባክ ከአንድ የውኃ መነሻ የሚጠጡ ማሳዎች ባለቤቶች ማኅበር ሲሆን፣ ወሰኑን የሚያሰምረው አስተዳደሩ ሳይሆን ውኃው ራሱ ነው። ስለዚህ በአንድ ቦይ የሚጠጡ ሰዎች ከተለያየ መንደር ቢመጡም በአንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ ከሁለት ቦይ የሚጠጣ ሁለት ቁራሽ ማሳ ያለው ሰው ደግሞ የሁለት ማኅበር አባል ይሆናል። በባሊ 1,200 ያህል እንዲህ ያሉ ማኅበራት ሲኖሩ፣ እያንዳንዱ ከ50 እስከ 400 ገበሬዎችን ያቅፋል። አባላቱ «ፔካሴህ» የሚሉትን አለቃ ይመርጣሉ፤ በእኛ አገር በቆየው የመስኖ ልማድ የውኃ አባት የምንለው ዓይነት ሰው ነው። ቦይ ለመጥረግ የቀረ ይቀጣል፣ የቅጣቱም መጠን በማኅበሩ ደንብ ተጽፏል። ይህ አሠራር ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው።

ክፍፍሉ የሚፈጸምበት መሣሪያ ቀላል ነው። ቦዩ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ግንድ በአግድም ይጋደማል፤ በግንዱ ላይም እንደ ድርሻው ስፋት ጎድጎድ ያሉ መውጫዎች ይጠረባሉ። ሁለት እጥፍ ድርሻ ያለው ሁለት እጥፍ ስፋት ያለው መውጫ አለው። ውኃው ሲበዛ ለሁሉም ይበዛል፣ ሲቀንስም ለሁሉም ይቀንሳል፤ ሌሊት ተነሥቶ ተራ መጠበቅ የለም። መውጫውን ያሰፋ ሰው ቢኖር መንገድ አላፊው ሁሉ ያየዋል።

ሆኖም ግንድ ሌባን አያቆምም፤ የጥያቄዎ ፍሬም እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያለው ሰው ውኃ የሚለቀው በደግነቱ ብቻ አይደለም፤ የሩዝ ተባይና አይጥ ስለሚያስፈሩት ነው። ሩዝ ታጭዶ ሰፊ አካባቢ በአንድ ጊዜ ባዶውን ሲያድር ወይም በውኃ ሲተኛ፣ ተባዩ የሚበላውና የሚጠለልበት አጥቶ ይመናመናል። አንዱ ሲያጭድ ሌላው ገና እሸት ላይ ከሆነ ግን ተባዩ ከማሳ ወደ ማሳ እየተሻገረ ዓመቱን ሙሉ ይቀለባል። ስለዚህ የላይኛው ገበሬ የታችኞቹ ማሳ ከእርሱ ጋር አብሮ እንዲዘራና አብሮ እንዲያርፍ ይፈልጋል፤ የታችኞቹ ደግሞ ውኃ ካላገኙ ከእርሱ እኩል መዝራት አይችሉም። አንትሮፖሎጂስቱ ስቲቨን ላንሲንግ የባሊን ገበሬዎች «የውኃ እጥረት ነው ወይስ ተባይ የሚያሳስባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከታች ያሉት ውኃ፣ ከላይ ያሉት ደግሞ ተባይ ብለው መልሰዋል። አንዱ የያዘውን ሌላው ይፈልገዋል።

እንግዲያው ደሴቱ በሙሉ በአንድ ቀን ለምን አይዘራም? ሁሉም በአንድ ጊዜ ማሳውን ውኃ ካስተኛ ወንዙ አይበቃም። በጣም ከተለያዩ ተባይ ይበዛል፤ በጣም ከተባበሩ ውኃ ያልቃል። ላንሲንግና የሥነ ምህዳር ባለሙያው ጄምስ ክሬመር በሁለት ወንዞች ላይ ያሉ 172 ሱባኮችን በኮምፒዩተር አስመስለው ሲፈትሹ፣ ከሁሉ የተሻለ ምርት የሰጠው አከፋፈል ገበሬዎቹ በውኃ ቤተ መቅደሶቻቸው እየተገናኙ ከሚወስኑት መርሐ ግብር ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ያረጋገጠው ግን ከኮምፒዩተሩ በፊት የደረሰ ጥፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት ቶሎ የሚደርሱ አዳዲስ ዝርያዎችን፣ ማዳበሪያንና የተባይ መድኃኒትን ይዞ መጣና ገበሬው መርሐ ግብሩን ትቶ ያለ ዕረፍት እንዲዘራ አደረገ። መጀመሪያ ምርቱ ጨመረ። ከዚያ የሩዙን አገዳ እየመጠጠ የሚያደርቅ ቡናማ ዘላይ ተባይ ተነሣ፤ እርሱን የሚቋቋም ዝርያ ሲመጣ ደግሞ ሌላ በሽታ ተከተለ። ገበሬዎቹ ወደ ቀድሞው መርሐ ግብር የተመለሱት ከዚህ በኋላ ነው። የኢንዶኔዥያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1986፣ 57 ዓይነት የተባይ መድኃኒቶች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ፤ መድኃኒቱ የተባዩን ጠላቶች እየገደለ ተባዩን ያበዛው እንደነበር ታውቋልና።

ይህ ለጉማራ ይሠራል ወይ ቢሉ፣ በግንዱ በኩል አይሠራም። የጃቲሉዊህ ውኃ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል፤ የፎገራ ሜዳ ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ፓምፕ ያለው ሰውም ባቆመበት ቦታ ሁሉ ለራሱ የውኃ መነሻ ይሆናል። ሽንኩርትም እንደ ሩዝ በውኃ አይተኛም። በእኔ አስተያየት ሊወሰድ የሚችለው የማኅበሩ ወሰን ነው፤ የጉማራን ውኃ የሚጠጡ ሁሉ፣ ቀበሌያቸው የትም ቢሆን፣ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት፣ ማለትም ሩዙ በታጨደ ማግሥት በአንድ ላይ ቢቀመጡ፣ ማን ስንት ጥማድ በመቼ እንደሚተክል አስቀድሞ ይታወቃል። ሽማግሌ በየካቲት ሲላክ ችግኙ መሬት ገብቷል፤ ባለ ችግኝ ደግሞ አይደራደርም። ከላይ ያሉት ከእናንተ ምን እንደሚፈልጉ ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ንግግሩም ከዚያ ቢጀመር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኢንዶኔዥያ ብዙ ሙስሊም ሕዝብ ያለባት አገር እንደሆነች እናውቃለን። የውኃ ቤተ መቅደስ ከየት መጣ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ባሊ አብዛኛው ሕዝቧ ሂንዱ የሆነ ደሴት ናት። ገበሬዎቹ የሩዝ አምላክ የሆነችውን ዴዊ ስሪን ያከብራሉ፤ ቦዩ ከወንዝ በሚጠለፍበት ቦታ፣ በማሳው ጥግና በተራራው ሐይቅ ዳር እንደየደረጃው መቅደስ አላቸው። ጸሎቱና ስብሰባው በአንድ ቦታ ስለሚሆን የመዝሪያው ቀን የሚቆረጠውም እዚያው ነው። በዓላችንን ከእርሻችን ጋር አያይዘን ለምንቆጥር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ገዳማቱ አመላልሳለሁ። ጃቲሉዊህን የሚያያት ጎብኚ ብዙ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ገበሬው ምን ያገኛል?

መልስ፦ ጎብኚው ለመግባት ይከፍላል፤ ከገቢውም ለመንደሩና ለሱባኮቹ የሚሰጥ ድርሻ አለ። ቢሆንም አብዛኛው ገበሬ ያለው መሬት ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው፣ ልጆቹም በደሴቱ ደቡብ ወዳሉት ሆቴሎች ይሄዳሉ፣ የእርሻ መሬትም በሕንጻ እየተያዘ መምጣቱ በባሊ ትልቅ ስጋት ሆኗል። ጎብኚው ሊያይ የሚመጣው የገበሬውን ድካም ነውና፣ ማሳውን ሸጦ ካፌ የሠራ ሰው ካፌው የሚያየውን ነገር አጥፍቷል። ለገበሬው ከመግቢያ ክፍያው ይልቅ ተስፋ ያለው የሚመስለኝ የአገሬው ቀይ ሩዝ ነው። አዲሶቹ ዝርያዎች በ4 ወር ገደማ ሲደርሱ እርሱ 5 ወር ያህል ይቆያል፤ ዋጋው ግን ከነጩ ይበልጣል። ከዚሁ ሩዝ ቆልተውና አፍልተው እንደ ሻይ የሚጠጣ ነገር ያዘጋጃሉ፣ ለእንግዳም ያቀርባሉ። እንደ ፎገራ ሰው ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ መጋገርን ግን አያውቁትም።