ከሽጉጡ በፊት አፎቱ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ትንሽ ግሮሰሪ አለኝ። ማታ ዘግቼ የምወጣው እኔው ነኝ። ባለፈው ወር አጠገቤ ያለ ሱቅ ተዘረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ለመያዝ ቆርጫለሁ። ጓደኞቼ ግሎክ 19 ግዛ ይሉኛል፤ አንዱ ደግሞ ትንሹ ሲግ ፒ365 ይሻልሃል አለኝ። የትኛው ይሻለኛል? አፎትስ የግድ ነው? አባቴ አገር ቤት ማካሮቩን ቀበቶው ውስጥ ሻጥ አድርጎ ነው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአባትህ ማካሮቭ ልጀምር። የኔም አባት እንደዚያው ነበር። ግን ማካሮቭና ግሎክ አንድ አይደሉም። ማካሮቭ ጎኑ ላይ በጣት የሚቆለፍ ምላስ አለው። ምላሱ ተከፍቶ እንኳ፣ መዶሻው እስካልተነሳ ድረስ የመጀመሪያዋ ጥይት የምትወጣው ቃታው በረጅሙና በከባዱ ሲሳብ ነው። ግሎክ እንዲህ ያለ የጎን መቆለፊያ የለውም። ማገጃው ያለው ራሱ ቃታው ላይ ነው። ቃታውን የሳበ ነገር ማገጃውንም አብሮ ይለቀዋል። 2.5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይበቃዋል። ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ፣ ለሽጉጡ አንድ ነው። ስለዚህ የግሎክ መቆለፊያው አፎቱ ነው በል። እዚህ ሁላችንም ሆልስተር የምንለው ማለት ነው። ያለ እሱ ግሎክን ወገብህ ላይ ሻጥ አታድርግ፤ አንድ ቀንም ቢሆን።

በእኔ የደረሰውን ልንገርህ። እዚሁ ቨርጂኒያ ለ18 ዓመት በታጠቀ ጥበቃነት ሠርቻለሁ። አንድ የብርድ ቀን ልምምድ ላይ ሆኜ ሽጉጡን ወደ አፎቱ ስመልስ ትንሽ አላስገባ አለኝ። ልገፋው ነበር። ግን ቆምኩ፤ መልሼ አወጣሁትና ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጃኬቴ ማጥበቂያ ገመድ አፎቱ ውስጥ ገብቶ ቃታው ጋ ተሰክቷል። ትንሽ ብገፋ ጭኔን እመታ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ገመድ ያለው ጃኬት አልለብስም። ሽጉጥ ስትመልስ ደግሞ የሚያስቸኩልህ ነገር የለም። ልብስህን ገልጠህ፣ ዓይንህ እያየ፣ ጣትህን ከቃታው አርቀህ መልሰው።

አፎት ስትመርጥ ለዚያው ለገዛኸው ሞዴል ተቀርጾ የተሠራውን ግዛ። ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ለጀማሪ ጥሩ ነው። የቃታውን ዙሪያ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ሽጉጡ ሲወጣ የአፎቱ አፍ የሚጨፈለቅ ከሆነ ተወው፤ ለመመለስ ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል፣ ያ እጅ ደግሞ አፈሙዙ ፊት ይገባል። ለሁሉም የሚሆን ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን የጨርቅ አፎት እኔም መጀመሪያ ገዝቼ ነበር። ወር ሳይሞላው ጣልኩት። ጥይቱ በሙሉ የወጣለትን ሽጉጥ አፎቱ ውስጥ አድርገህ አልጋ ላይ ገልብጠህ ነቅንቀው። ከወደቀ አይሆንህም። ቀበቶህም ጠንካራ ይሁን። ለስላሳ ቀበቶ ላይ ሁሉም አፎት ይንጠለጠላል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ለጊዜው ከቀኝ ዳሌህ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከሱሪው ውስጥ አድርገው። ከፊት፣ ከሆድ በታች የሚያደርጉት አሉ። መኪና ውስጥ ይመቻል፤ ግን አፈሙዙ የሚያየው ብልትህንና ጭንህን ነው። ለጀማሪ አልመክርም። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ዕቃ ስታስቀምጥ ከወገብህ ሳይሆን ከጉልበትህ ዝቅ በል፤ ካልሆነ እጀታው ሸሚዝህን ወጥሮ ይታያል።

አሁን ወደ ሽጉጡ። ሁለቱም 9 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ሁለቱም የሚታመኑ ናቸው። ግሎክ 19 ጥይት ጠግቦ ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል፤ 15 ጥይት በጥይት ካዝናው ይይዛል። ፒ365 ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚመጣው መደበኛ ካዝና 10 ይይዛል። ትንሹ ለመደበቅ ይቀላል፣ ሲተኩስ ግን እጅ ላይ ይዘላል። ጀማሪ የሚማረረው እዚህ ላይ ነው። የሚያከራይ የተኩስ ቦታ ሂድና ሁለቱንም 50፣ 50 ጥይት ተኩስባቸው። አያያዝህን ሳትቀይር ጣትህ ቃታው ላይ በደንብ ካረፈ እጅህ ወዶታል። እኔ አንተን ብሆን ግሎክ 19ን እመርጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ነው የምትሠራው፣ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ይደብቀዋል።

ሕጉን አትርሳ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደብቀህ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልግሃል። የሚሰጠው የከተማህ ሰርኪዩት ኮርት የሚባለው ፍርድ ቤት ነው፤ 21 ዓመት መሙላት አለብህ፣ ፈቃዱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ከ2021 ወዲህ የኦንላይን ሥልጠና ለፈቃዱ አይበቃም፤ በአካል ተማር። እና ይሄን በደማቁ ጻፈው፦ ሜሪላንድም ዲሲም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። ዊልሰን ድልድይን ከተሻገርክ ሜሪላንድ ነህ። ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ሽጉጡ ቤት፣ የብረት ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ይቆይ። የምትኖረው በግሪን ካርድ ከሆነማ በሽጉጥ ጉዳይ መፈረድ አገር ሊያስለቅቅ ይችላል። ስትገዛ የምትሞላው ቅጽ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይጠይቅሃል። የምትቅም ከሆነ ደግሞ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚህ አገር ከተከለከሉት መዝገብ ውስጥ ነው፤ ሳትፈርም ጠበቃ ጠይቅ።

ለልጆቹ ስትል ከሽጉጡ ጋር በዚያው ቀን በጣት ኮድ የሚከፈት ትንሽ የብረት ካዝና ግዛ። ቁም ሳጥን አናት ላይ ልጅ አይደርስም አትበል፤ ወንበር ይጎትታል።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ባዶውን ታጠቀው። ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፍበት። ጠዋት ባዶውን አቀባብለህ አፎቱ ውስጥ አድርገውና ቤት ውስጥ ተቀመጥ፣ ተነሳ፣ ጎንበስ በል፣ መኪና ውስጥ ገብተህ ቀበቶ እሰር። ግሎክ ከሆነ ማታ ስታወጣው ቃታውን እየው። ወደፊት እንደቆመ ከሆነ አፎቱ ሥራውን ሠርቷል። ወደ ኋላ ተስቦ ካገኘኸው ቀን ላይ አንድ ነገር ስቦታል። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ጥይት አታጉርሰው።