«ወንድሜን ወዴት ልውሰደው?»

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ፣ ከየካ ነው። ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለ ለጥናት ብሎ የጀመረው ጫት አሁን የቀን ሥራው ሆኗል። ማታ ደግሞ ለጨብሲ፣ ማለትም ጫቱን በመጠጥ ለመስበር ብሎ ይወጣል። ድሮ ሁለት ቢራ ነበር፣ አሁን አረቄ ነው። ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሥራ ካቆመ ቆይቷል። በቀደም «ብሞት ይሻለኛል» ሲል እናቴ ሰማችው። አባቴ ጸበል ይግባ ይላል። አጎቴ ደግሞ ሦስት ወር ቆልፈው የሚይዙበት ማገገሚያ አውቃለሁ አለን። እኔ የሚያናግረው ባለሙያ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ግን ከየት ነው የሚጀመረው? አማኑኤል ሆስፒታል እንሂድ ስንለው «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ገንዘባችንም ብዙ አይደለም። (እህቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገሮች በጣም አሳስበውኛል። የጠዋቱ መንቀጥቀጥና «ብሞት ይሻለኛል» ማለቱ። የሚያናግረው ባለሙያ መፈለግሽ ትክክል ነው፣ እመጣበታለሁ። ግን እነዚህ ሁለቱ ይቀድማሉ።

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ ያለ አልኮል መዋል አቅቶታል ማለት ነው። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ» ብላችሁ ቤት ውስጥ እንዳትዘጉበት። ብዙ ቤተሰብ በፍቅር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ አደጋውም እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያው ቀን ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ቀንና ሌሊቱ ሊደባለቅበት፣ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል፤ ይሄኛው ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ግን መፍትሔ ያለው ነገር ነው። እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ይሰጡታል፣ ቀስ በቀስ ይቀንሱለታል፣ ቫይታሚን ቢ1 ይጨምሩለታል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ሰፈር ክሊኒክ ወስዶ ግሉኮስ ማስተከል ልማድ ሆኗል። ሲጠጣ የከረመና በደንብ ያልበላ ሰው ቫይታሚኑን ሳያገኝ ግሉኮስ ብቻ ከገባለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። የትም ብትወስዱት መጠጣቱን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ተናገሩ።

ሁለተኛው «ብሞት ይሻለኛል» ያለው ነው። በቀጥታ ጠይቂው። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በዪው። ብጠይቀው ሐሳቡን እሰጠዋለሁ ብለሽ አትፍሪ፤ አይሆንም። እንዲያውም ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ይቀልላቸዋል። አስቤያለሁ፣ እንዴት እንደማደርገውም አውቃለሁ ካለሽ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከእጁ ይራቅ፣ የዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቀጠሮ አያስፈልግም። አምቡላንስ ካስፈለጋችሁ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከየት ይጀመራል? ከወረዳችሁ ጤና ጣቢያ። ሰው ጤና ጣቢያን ለወባና ለክትባት ብቻ ነው የሚያስበው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር በኩል የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድባቴን (ዲፕሬሽን)፣ የመጠጥ ችግርን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብን ለይተው እንዲረዱ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። ሁሉም ጤና ጣቢያ እኩል ነው አልልሽም፤ ካርድ ክፍል ስትደርሺ «የአእምሮ ጤና የሚያይ ባለሙያ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ባይኖራቸውም ሪፈር ይጽፉልሻል። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ደግሞ በሪፈር መሄዱ ወጪያችሁን ያቀልላችኋል።

ሪፈሩ የግድ ወደ አማኑኤል መሆን የለበትም። ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። በኮሮና ጊዜ ስሙን ሁላችንም የሰማነው የካ ኮተቤ ሆስፒታልም አለው፣ ለእናንተም ይቀርባል። ስለ አማኑኤል ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ሆስፒታሉ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ስለነበረ እጅግ የታመመው ሁሉ እዚያ ነበር የሚሄደው፣ ስሙም ከ«እብደት» ጋር ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ እዚያ ከሚሰለፈው ሰው አብዛኛው ተመላላሽ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀ፣ በሱስ የተያዘ ሰው ታይቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ፣ የዚያኑ ቀን ቤቱ ይገባል።

ማን ምን እንደሚሠራም እወቂ፣ ካልሆነ ገንዘባችሁ በከንቱ ያልቃል። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዝዛል፣ ካስፈለገም ያስተኛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በንግግር ነው የሚያክመው፣ መድኃኒት አያዝዝም። ወንድምሽ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ መጀመሪያ ሐኪሙ፣ ከዚያ የንግግሩ ሕክምና። የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙም ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ መድኃኒት ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፣ «ሳይኮሎጂስት ጋ ይላኩልን» ብላችሁ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ።

ለግል ባለሙያ አቅም ካገኛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውይ። የሙያ ፈቃድ አለው ወይ? አንድ ጊዜ ስንት ነው፣ በወር ስንት ጊዜስ ይመጣል? ሱሱንና ድባቴውን አንድ ላይ ነው የሚያየው? ድጋሚ ቢጠጣ ምን ያደርጋል? በመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ትረጃለሽ። «ከጠጣ አላየውም» የሚል ባለሙያ ለወንድምሽ አይሆንም፣ ምክንያቱም ድጋሚ መጠጣት በዚህ ሕክምና ውስጥ የሚጠበቅ ነገር ነው። «በሁለት ሳምንት አድንላችኋለሁ» የሚልሽንም አትመኚው። የመድኃኒቱን ስም ሳይነግርሽ መድኃኒት የሚሸጥልሽ ሰው ካጋጠመሽ ጥለሽው ሂጂ።

ጥሩ ባለሙያ ደግሞ ስለ ሰዓታቱ ይጠይቃል። የወንድምሽ ቀን እንዲህ ይመስለኛል፦ ከሰዓት በርጫ (ጫት መቃም)፣ ማታ ምርቃና (የጫቱ መነቃቃት)፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ጠዋት መንቀጥቀጥና ድብርት፣ ከዚያ ድብርቱን ለማባረር እንደገና ጫት። መጠጡን ብቻ ነጥለሽ ብታስቆሚው ጫቱ ማታ ይጠራዋል። ስለዚህ ሕክምናው ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለውን ጊዜ በምን እንደሚሞላው፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ሀራራው (የጫት አምሮቱ) ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ካልነካ ችግሩን አልነካውም። ለጫት ሱስ ብቻ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ሲያቆም ብዙ ይተኛል፣ ይነጫነጫል፣ ዱካክ (ቅዠት) ያስቸግረዋል፣ ስሜቱም ይወርዳል። እንደ አልኮሉ ለሕይወት አያሰጋም፤ ግን ያ የስሜት መውረድ «ብሞት ይሻለኛል» በሚል ሰው ላይ ሲመጣ በቅርብ መከታተል ይፈልጋል። የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘለት ደግሞ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ እንዳይጥለው። በተለይ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ከመጠጥ ጋር አደገኛ ነው፣ ቤት ያለውን መድኃኒት አንቺ ያዢው።

የአጎትሽን ሐሳብ እኔ አልደግፈውም። በደንብ የሚሠሩ ማገገሚያዎች የሉም እያልኩ አይደለም። ግን ሌሊት ሐኪም ወይም ነርስ አለ? ቤተሰብ በፈለገ ጊዜ መጠየቅ ይችላል? ከሦስት ወሩ በኋላ ማን ይከታተለዋል? «አለ፣ ይችላል» የማይሉ ከሆነ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሐኪም በሌለበት ቤት መቆለፍ ሕይወቱን አደጋ ላይ መጣል ነው። ሰንሰለት ወይም ዱላ ካለበት ደግሞ ምንም ጥያቄ የለውም፣ እዚያ አይገባም።

ከአባትሽ ጋር ግን አትጣዪ። ጸበልና ሕክምና የግድ አይጋጩም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰዱ ጸበል መጠመቅ እንደሚቻል በግልጽ ተናግረው ነበር፣ በዚያም ስንት ሰው መድኃኒቱን ሳይጥል ቀርቷል። አባትሽን እንዲህ በያቸው፦ «አባባ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ይታይ፣ መንቀጥቀጡ ይቁም፣ ከዚያ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይሂዱ።» ሰውነቱ ከአልኮል እየወጣ ባለበት ሳምንት እየጾመ በብርድ እንዲያድር ግን አይሁን።

የቀረው ወንድምሽ ራሱ ነው። ተመርቅኖም ጠጥቶም እያለ አታናግሪው፤ አጎትሽና ጎረቤት በተሰበሰቡበትም አይሁን። «ዘመድ ጥየቃ ነው» ብላችሁ አታልላችሁ ሆስፒታል እንዳትወስዱት፣ ሁለተኛ አያምናችሁም። ለሁለት ብቻ ስትሆኑ ያየሽውን ንገሪው። «ጠዋት እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ፈራሁ። እንቅልፍህም ጠፍቷል። አብሬህ ልሂድና ሐኪም ይይህ?» እብድ ነህ አላልሽውም፣ ሱሰኛ ነህ አላልሽውም። ሰው ለእንቅልፉ ታከም ሲባል እሺ ይላል፣ ሐኪሙም ስለ እንቅልፉ ከጠየቀው በኋላ ወደ ሌላው ይደርሳል። እሺ ያለ ቀን ሳይውል ሳያድር ሂዱ። በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጣ፣ እንደሚጥል በሽታ ጥሎት ያውቅ እንደሆነ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ካለ። ሳይኮሎጂስቱ ሦስት አራት ጊዜ ታይቶ ካልተግባባው ይቀይር፣ ነውር የለውም። ሕክምናውን ግን አያቁም።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ አትተኛም፣ ሰው ማግኘትም አትፈልግም። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እዚህ የሚያናግራት ባለሙያ ይገኛል? በስልክስ ይሆናል? (እናቷ)

መልስ፦ እናቴ፣ ይገኛል። አዲስ አበባ ድረስ ከመንከራተትዎ በፊት የደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልን ይጠይቁ። አማኑኤል የሳይካትሪ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ክልል ሆስፒታሎች መላክ ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ነርስ ነው ብለው አይናቁት፤ ይህን ሕክምና ለብዙው የአገራችን ሰው የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ልጅዎ እዚያ ምን እንደደረሰባት እንድትነግርዎ አያስጨንቋት። ሴት ባለሙያ ከፈለገች ይጠይቁላት፣ ሲገቡም እርስዎ ውጭ ይጠብቁ፤ እናቷ ፊት የማትናገረው ነገር ሊኖር ይችላል። በስልክ መነጋገር አንድ ጊዜ በአካል ታይታ ከተመረመረች በኋላ ለክትትል ጥሩ ነው። አዲስ አበባ መምጣት ካስፈለገ ደግሞ አጋር ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት ከስደት የተመለሱ ሴቶችን ተቀብሎ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። መጠጥ ይዞኛል፣ ከሚስቴም ሊያለያየኝ ነው። በእንግሊዝኛ ውስጤን መናገር አልችልም። ሐበሻ ቴራፒስት ጋ ብሄድ ደግሞ ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግን ይሞላዋል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል፣ ግን ሕጉ ካንተ ጋር ነው። ፈቃድ ያለው ቴራፒስት፣ ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ የነገርከውን ካወራ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ የሱስ ሕክምና መዝገብ ደግሞ ከሌላው ሕክምና የጠበቀ የፌዴራል ጥበቃ አለው። ሐበሻውን ካልፈለግክ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ በስልክ ነው፣ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ሊሆን ይችላል፣ አያውቅህም። ልጅህን ወይም ሚስትህን ግን አስተርጓሚ እንዳታደርግ። በቪዲዮ የሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ካገኘህ ሜሪላንድ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ እንዳለው ጠይቀው፤ ቨርጂኒያ መሥራት ስለቻለ ብቻ አንተን ማከም ይችላል ማለት አይደለም። ኢንሹራንስ ከሌለህ በገቢህ መጠን የሚያስከፍሉ የኮሚዩኒቲ ጤና ማዕከሎች አሉ። ሌሊት ላይ ከባድ ሐሳብ ከመጣብህ ወደ አሜሪካ የቀውስ ጊዜ የስልክ መስመር 988 ደውልና በእንግሊዝኛ «Amharic» (አምሃሪክ) በል፣ አስተርጓሚ ያገናኙሃል። አንተም ጠዋት ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለየካዋ እህታችን ያልኩትን አንብብ። ብቻህን በድንገት እንዳታቆም፣ ሐኪም ይይህ።